ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይስ አራተኛ

በዚያ ሳምንት ወረታ ላይ ስክሪብቶና ብጣሽ ወረቀት የያዘ ሁሉ የሚፈልገው እኔን ነበር። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ «መምህርት፣ ነጥቡ በተጫወቱት ልክ ቢካፈልስ?» ይለኛል። መንገዱን እንዲያይ እነግረዋለሁ። ሽንኩርት ልገዛ ስቆም ሻጯ ሚዛኑን እንደያዘች «ለቁሐር ልጆች ፍረዱላቸው እንጅ» ትላለች፤ ወንድሟ እዚያ ተጫዋች ነው። ፈራጁ የውድድሩ ኮሚቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። የተቋረጠውን ጨዋታ የዳኘሁት እኔ ስለሆንኩ መፍትሔው በኪሴ ያለ ይመስላቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወጣቶች ዋንጫ ስድስት ቡድኖች ተመዝግበው ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ከአንድ እስከ አራት የወጡት ያልፋሉ። አንደኛው አራተኛውን ወረታ ሜዳ ላይ ይገጥማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ሰዉ ፊት ይቀበላል። አንደኝነቱን የከተማው ቡድን ይዞታል። ሳይጠናቀቅ የቀረው የቁሐር ሚካኤልና የናበጋ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱ እንዳልነበረ ተቆጥሮ የየቡድኑ ነጥብ ለተጫወተው ጨዋታ ብዛት ከተካፈለ፣ በአራት ጨዋታ ዘጠኝ ነጥብ ያለው ቁሐር ሁለተኛ ይወጣል። አንድ አንድ ነጥብ ይውሰዱ ከተባለ ቁሐር ከጉማራ ቡድን ጋር እኩል አስር ነጥብ ይኖረዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጉማራ አሸንፎ ስለነበር ሦስተኛ ይሆናል። ቁሐር ሜዳውን ጥሎ ወጥቷል ከተባለ ግን ፎርፌ ይሰጥበትና አራተኛ ይሆናል። አንድ ቡድን ሦስት ደረጃ አለው፤ ሂሳቡም ሦስቱም ላይ ልክ ነው። ሰው የሚጠቅመውን ሂሳብ መምረጡ አልገረመኝም፤ የገረመኝ የመረጠውን ሁሉ ፍትሕ ብሎ መጥራቱ ነው። እንዲህ እያለ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል።

ስሜ ትርሲት ነው፤ የስፖርት መምህርት ነኝ። ሰባት ዓመት በመስመር ዳኝነት ባንዲራ ይዤ በሜዳ ዳር ስሮጥ፣ ወንዶቹ መሀል ገብተው ሲሳሳቱ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም። ዘንድሮ ግን የመሀል ዳኛ ሆንኩ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለውን የፍጻሜ ጨዋታም እንደምዳኝ በደብዳቤ ተነገረኝ። በእኛ ወረዳ ፍጻሜ የዳኘች ሴት እስካሁን የለችም። ደብዳቤውን አጣጥፌ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ አስቀመጥኩት። ማታ ማታ እያወጣሁ አነበው ነበር። ፍጻሜውን በጣም ፈልጌው ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

የቁሐር ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ከኅዳር ወዲህ ከብት የሚግጥበት ለጥ ያለ ሣር ነው። ከአንደኛው የጎን መስመር ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የወይዘሮ ይርገዱ አውድማ ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። በዚያ እሁድ ሩዛቸው ተወቅቶ፣ በነፋስ ጠርቶ፣ አውድማው መሀል ተከምሮ ነበር። ማዳበሪያው ከጎኑ ተዘርግቷል፤ ከጨዋታው በኋላ የቁሐር ተጫዋቾች ሰፍረው ሊያስገቡላቸው ነው። የዓመት ቀለባቸው ያ ክምር ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዝናብ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ስለሌለ ማንም አልቸኮለም።

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ሰባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ደረሰ። የናበጋው አምበል ማርቆስ ኳስ ይዞ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ሲገባ የቁሐር ተከላካይ ከኋላ ጠለፈው። ፊሽካ ነፋሁ፤ ጣቴን ወደ ቅጣት ምቱ ነጥብ ዘረጋሁ። የተለመደው ጩኸት ሆነ፤ አለፈ። የቁሐር በረኛና አምበል ባየህ ጎሉ መሀል ቆመ። ማርቆስ ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጠ። እኔ የምቱን ፊሽካ ልነፋ አፌ ላይ አድርጌያለሁ።

ባየህ ግን ኳሷን አላየም። ዓይኑ ከእኛ በላይ አልፎ ወደ ጣና ነበር። ዞር ስል ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ጠቁሮ፣ ዝናቡ ሜዳውን እየጠረገ ወደ እኛ ይመጣል። ባየህ ጎሉን ጥሎ ወደ አውድማው ሮጠ። የቡድን ጓደኞቹ ተከተሉት።

ማርቆስ ከኳሷ ጋር ብቻውን ቀረ። ፊት ለፊቱ ባዶ ጎል ነው። በረኛው በራሱ ፈቃድ ሄዷል፤ እኔ ብነፋ፣ እሱም ነካ ቢያደርጋት ግብ ናት፤ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ጎሉን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ኳሷን እዚያው ትቶ ከቁሐር ልጆች ኋላ ሮጠ። ናበጋዎች በሙሉ ተከተሉት።

አውድማው ዳር ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። እህል ያለበት አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ይህን ማንም ለማንም ማስታወስ አላስፈለገውም። ዝናቡ ጀርባቸው ላይ እየደረሰ ሃያ ሁለት ጎረምሳ አጎንብሶ የታኬታ ክር ይፈታል። አንዱ ክሩ ተቋጥሮበት አልፈታ ሲለው በጥርሱ ይዞታል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢያያቸው አብደዋል ይል ነበር። እኔም ቆም ብዬ ሳላስብ ከመሀላቸው ተንበርክኬ ጫማዬን አወለቅኩ። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልነፋሁትም።

በባዶ እግራችን ገብተን በእጃችን፣ በላይዳ፣ በማሊያ ሳይቀር እያፈስን ማዳበሪያውን ሞላን። የናበጋና የቁሐር ልጆች አንድ ማዳበሪያ በሁለት ጫፉ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሸከሙ። ክምሩ ሲነሳ ሥሩ ያለው ጥቂት ረጠበ እንጂ ሌላው ተረፈ። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘንቦ ሲያባራ ሜዳው ዋልካ ሆኖ ነበር፤ የረገጠ እግር አይወጣም። ለመቀጠል የሞከረም የጠየቀም የለም። ወይዘሮ ይርገዱ ደጀ ሰላሙ ሥር ቆመው እያንዳንዱን ልጅ በየስሙ መረቁት፤ የናበጋዎቹን ስም ስላላወቁ እየጠየቁ።

ማክሰኞ ዕለት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረማርያም ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። የኮሚቴው ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ በፊት የእኔን ሪፖርት ይፈልጋሉ።

«አንድ መስመር ትበቃለች» አሉኝ። «‹ዳኛዋ በዝናቡ ምክንያት ጨዋታውን አቋረጠች› ብለሽ ጻፊ። ደንባችን ላይ ዳኛ በአየር ጠባይ ያቋረጠው ጨዋታ አይቆጠርም፤ ነጥብ በተጫወቱት ልክ ይካፈላል ይላል። ቁሐር ሁለተኛ ይወጣል፤ ሰዉም ደስ ይለዋል፤ ነገሩ ያልቃል።»

«እኔ አላቋረጥኩም።»

«ዝናብ አልዘነበም?»

«ዘንቧል። ፊሽካ ግን አልነፋሁም፤ ልጆቹም ጥለው የሄዱት ሳይዘንብ ነው። ቅጣት ምቱም አልተመታም።»

አቶ ገብረማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስሚኝ ትርሲት። ዳኛዋ ሳትነፋ ሜዳ ለቀቀች ተብሎ በጽሑፍ ከቀረበ፣ ፍጻሜውን ለሷ ስጡ ብዬ ኮሚቴው ፊት መቆም አልችልም። አንችን ለማስገባት ስንት እንደተከራከርኩ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። አመስግኜ ወጣሁ። በዚያው ቀን ባየህ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ተማሪዬ ነበር። የማካፈሉን ሂሳብ በደንብ ሠርቶት ነው የመጣው፤ እኔ ዘንድ ሲማር እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ጥሩ ነበር። ሁለተኛ ከወጡ ግማሽ ፍጻሜው ቁሐር እንደሚደረግ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ወይዘሮ ይርገዱም ሳይቀሩ ከቤታቸው ወጥተው እንደሚያዩአቸው ነገረኝ። «እኛ ቁሐር ላይ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይተን አናውቅም፤ መምህርት» አለኝ። አልለመነኝም፤ ነገረኝ ብቻ። ቢለምነኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ እመልሰው ነበርና።

ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዷን መስመር ጻፍኳት። ጥሩ ሆና ተጽፋለች፤ ፊደሌ ቆንጆ ነው። ደግሜ ሳነባት ግን ማርቆስ ባዶውን ጎል እያየ የቆመባት ቅጽበት እፊቴ መጣች። ያችን መስመር ከፈረምኩ ያ ልጅ እንዳልቆመ፣ ኳሷም እንዳልተቀመጠች ይሆናል። ቅጣት ምቱ ይሰረዛል፤ ናበጋ አራተኛ ሆኖ ከከተማው ቡድን ጋር ይጋጠማል። ጎሉን ትቶ የሮጠው ቡድን ሁለተኛ ይወጣል፤ እኔም ፍጻሜውን እዳኛለሁ። ከሁሉ ያናደደኝ የመጨረሻው ነው። ወረቀቱን ቀደድኩትና ባዶ እጄን ወደ ስብሰባው ለመሄድ ወሰንኩ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከቁሐር ቄስ ወልደ ሥላሴ፣ ከጉማራ አቶ በላቸው፣ ከሌሎቹም አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል። ቄስ ወልደ ሥላሴ ገና ሳይጀመር «እኔ የቁሐር አገልጋይ ነኝ፤ በደረጃው ነገር ድምፅ አልሰጥም» አሉ። አቶ በላቸው እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም። ቀድመው ተነሡ።

«ቁሐር ፎርፌ ነው» አሉ። «ምስክር ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ቆሜ እያየሁ ነው ታኬታቸውን ያወለቁት። ታኬታውን ያወለቀ ተጫዋች ጨዋታ ላይ ነው አይባልም። ቀድሞ ያወለቀው ደግሞ ባየህ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ነገሩ አስቂኝ ይመስላል እንጂ ሕጉን ካየነው አነጋገሩ ስህተት የለበትም። አቶ ገብረማርያም ወደ እኔ ተመለከቱ። ያችን አንድ መስመር እየጠበቁ ነው።

ተነሣሁ። «እኔም ጫማዬን አውልቄያለሁ» አልኩ። «ፊሽካዬን ሳልነፋ ሜዳውን ለቅቄ እህል ሳፍስ ነበር። ጫማ ማውለቅ ጥሎ መውጣት ከሆነ ዳኛዋም ወጥታለች። ዳኛ በሌለበት ሜዳ ማን ማንን ጥሎ ወጣ ይባላል? ስለዚህ ፎርፌ የለም። ግን ዝናቡም አላቋረጠውም፤ እኔም አላቋረጥኩትም። ስለዚህ ጨዋታው አላለቀም። ኳሷ ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ ናት፤ የሚመታው ማርቆስ ነው፤ አስራ ስምንት ደቂቃ ይቀራል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

ተቀመጥኩ። አቶ በላቸው ጥቂት አሰቡና እንደ ጉማራ ሰው ሳይሆን እንደ አስተዋይ ሰው «ካላለቀ ይጨረስ እንግዲህ» አሉ። ሌሎቹም ተስማሙ። የገና ጾም ሳይፈታ፣ በመጪው ማክሰኞ፣ ከቅጣት ምቱ ጀምሮ አስራ ስምንቱ ደቂቃ እንዲጠናቀቅ ተወሰነ። ኳሷ የት እንደነበረች የምታውቅ እሷ ናት ብለው ዳኝነቱን ለእኔው ተዉት። ከዚያ አቶ ገብረማርያም ሁለተኛውን ጉዳይ አነሡ፤ ሜዳ የለቀቀች ዳኛ ፍጻሜውን ትዳኝ ወይስ አትዳኝ። አትዳኝ የሚሉ እጅ እንዲያወጡ ሲጠየቅ ቄስ ወልደ ሥላሴ ቀድመው አወጡ። እያየኋቸው ነበር፤ እሳቸውም ዓይናቸውን አላሸሹም። ሁሉም አወጡ። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤውን ከዳዊቴ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

ማክሰኞ ቁሐር ሜዳ ደርቆ ነበር። የሥራ ቀን ቢሆንም ማጭዱን እንደያዘ የመጣ ገበሬ ሜዳውን ዙሪያውን ሞላው። ማርቆስ ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጠ። ባየህ በዚህ ጊዜ ኳሷን ብቻ አየ። ነፋሁ፤ ማርቆስ መታ፤ ባየህ በትክክለኛው አቅጣጫ ወደቀ፤ ጣቱ ነክቷት ገባች። በቀረው ጊዜ ቁሐሮች ያላቸውን ሁሉ አወጡ፤ አልሆነም። አንድ ለዜሮ። ናበጋ ነጥቡ አስር ደርሶ በግብ ብልጫ ጉማራን ቀደመና ሁለተኛ ሆነ፤ ቁሐር ዘጠኝ ላይ ቀርቶ አራተኛ ሆነ።

ወይዘሮ ይርገዱ መስመሩ ዳር ቆመው «ሩዙ በቀረብኝ» እያሉ አለቀሱ። ባየህ ሄዶ ዝም አሰኛቸውና ወደ እኔ መጣ።

«አንች ዝም ብትይ ሁለተኛ ነበርን» አለኝ። «እህል አነሣን እንጅ ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም።»

«ታዲያ?»

እጄን ዘረጋሁለት፤ ሳይጨብጠኝ ሄደ።

አራተኛ የሆኑት ቁሐሮች ወረታ መጥተው ከከተማው ቡድን ጋር ተጫወቱ፤ በመጀመሪያው ዙርም አሸንፈውት ነበርና ደግመው አሸነፉት። ናበጋም ጉማራን በሜዳው ተቀብሎ አሸነፈ። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ለፍጻሜ የተገናኙት ራሳቸው ቁሐርና ናበጋ ሆኑ። ዳኛው ከደብረ ታቦር መጣ፤ ጨዋ ወጣት ነው። እኔ ላለመሄድ ምዬ ነበር፤ ሄድኩ። ከአንደኛው ጎል ጎን፣ በግብ መስመሩ ትይዩ የአፈር ክምር አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። ቄስ ወልደ ሥላሴ መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ቀይመሽኛል ልጀ?» አሉኝ።

«አዎ አባ፣ ቀይሜያለሁ።»

«ደግ ነው» አሉ። «እኔም እጀን ሳወጣ ከብዶኝ ነበር። ቀላል ቢሆንልኝ ይበልጥ ትቀየሚኝ ነበር።» ከዚያ ሁለታችንም ጨዋታውን አየን።

ባየህ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አላናገረኝም። ከዕረፍት በኋላ ጎሉን ከእኛ በኩል ይዞ ቆመ፤ ዞር ብሎም አላየኝም። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ እንደሆነ ሰማንያኛው ደቂቃ አለፈ። ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ማርቆስ በግንባሩ ገጫት፤ አግዳሚውን መትታ ወደ መሬት ተመለሰች፤ ባየህ ወድቆ አቀፋት። መስመሩን አልፋ ነበር። አንድ ክንድ ያህል። ከተቀመጥኩበት በደንብ ትታያለች። ዳኛውን ግን ሦስት ተጫዋች ከልሎታል፤ የመስመር ዳኛውም በወዲያኛው ጥግ ሆኖ ከተጫዋቹ ብዛት አላየም። ናበጋዎች ገብታለች አሉ፤ ቁሐሮች አልገባችም አሉ። ዳኛው ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ግራ ተጋብቶ ቆመ። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ያላየሁትን ግብ አልሰጥም ነበር።

ባየህ ኳሷን እንዳቀፈ ቀና አለና እኔን አየኝ። ቁሐር ዋንጫ ወስዶ አያውቅም። ግማሽ ፍጻሜውን በገዛ ሜዳው የሚጫወትበትን ዕድል ያሳጣሁት እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት ዝም ቢል ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ብዬ መናገሬ ለዳኛ ነውር ነው፤ ግን እንዲያ ነው የተሰማኝ። አንገቴን አልነቀነቅኩም፤ ፊቴንም አላዞርኩም። ኳሷ ስታልፍ ማየቴን አውቋል።

ተነሣ። ኳሷን በብብቱ ይዞ ጓደኞቹን ገፋ እያደረገ ዳኛው ዘንድ ደረሰና አንድ ነገር አለው። ዳኛው አልሰማም መሰለኝ፤ ጆሮውን አስጠጋ።

«ገብታለች» አለ ባየህ፣ እኛም እስክንሰማው ድረስ። «መስመሩን አልፋ ነው የያዝኳት።»

አንዱ የቡድን ጓደኛው ማሊያውን ጨምድዶ ያዘው። ባየህ አላስለቀቀውም፤ እንደተያዘ ቆመ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ወደ መሀል አመለከተ። የቀሩት ደቂቃዎች አለፉ፤ ሌላ ግብ አልተቆጠረም፤ ዋንጫውን ናበጋ ወሰደ።

ሰዉ ሲበታተን ባየህ ጓንቱን አውልቆ በእኛ በኩል መጣ። ፊቱ ተቆጥቶ ነበር፤ ዓይኑም ቀልቷል። አፈር ክምሩ ሥር ቆመ። መጀመሪያ የቄስ ወልደ ሥላሴን መስቀል ተሳለመ። ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«መምህርት» አለኝ።

ጨበጥኩት። አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ፤ የሚያቆመኝም አልነበረም። ቄስ ወልደ ሥላሴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአጠገቤ እንደተቀመጡ ቆዩ፤ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ድረስም አልተነሡም።